ክረምት ሳይገባ የካራቫን መስኮት ጎማ መቀየር

ካራቫን ውስጥ ውሃ ሲገባ ሰው ሁሉ ሚያማርረው ዝናቡን ነው። እኔ ግን የኛን መስኮቶች አንድ በአንድ ፈትቼ ካየሁ በኋላ ምለው ሌላ ነው፣ መስኮቱን ሚጎዳው ክረምቱ ሳይሆን በጋው ነው፣ ከጥቅምት ጀምሮ ያለው ፀሐይ መስኮቱን ዙሪያውን ይዞ ውሃ ሚዘጋውን ጎማ ቀስ እያለ ያደርቀዋል፣ ያሳጥረዋል፣ ይሰነጥቀዋል፣ ከዛ ሐምሌ ሲመጣ ዝናቡ ባገኘው ቀዳዳ ይገባል በቃ። ለዚህ ነው ጎማ መቀየር የግንቦት ስራ ነው እያልኩ ላገኘሁት ሁሉ ምናገረው። ሰኔ ግም ካለ በኋላ ግድግዳው አይደርቅም፣ ያልደረቀ ግድግዳ ላይ ደግሞ አዲስ ጎማ ማሰር ውሃውን ውስጥ ቆልፎ ማስቀመጥ ነው።

የኛ ካራቫን ሱሉልታ አጎቴ ግቢ ውስጥ ነው ያለው። አጎቴ ጨረታ ላይ አሸንፎ ያመጣው ከአውሮፓ የገባ አሮጌ ተጎታች ነው፣ ድሮ የመንገድ ስራ መሃንዲሶች ሳይት ላይ ያድሩበት ነበር፣ አሁን ብሎኬት ላይ ቆሞ እኔና እህቴ ልብስ እንሰፋበታለን። ዩኒፎርም፣ የሀበሻ ቀሚስ፣ መጋረጃ፣ የመጣውን ሁሉ። እና ነጭ ሸማ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ከመስኮቱ ጥግ አንዲት ጠብታ የበሰበሰ እንጨት ቀለም ይዛ ብታርፍበት ያ ልብስ ለደንበኛ አይሰጥም፣ ታጥቦም አይለቅም። ስለዚህ ይሄ የማሳመር ጉዳይ አይደለም፣ እንጀራችን ነው።

መጀመሪያ የግድግዳውን ነገር ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ካራቫን ግድግዳ እንደ ቤት ግድግዳ የሚታሰብ ነገር አይደለም። ውጭው ስስ አሉሚኒየም ነው፣ መሃሉ ቀጫጭን የእንጨት ፍሬምና ፎም፣ ውስጡ ኮምፔርሳቶ፣ ሁሉም ተደምሮ ሦስት ሳንቲ ቢሆን ነው። ውሃው በመስኮቱ ላይኛ ጥግ ይገባና በዚህ ግድግዳ ሆድ ውስጥ ተንሸራቶ ታች ወለሉ ጋ ይወጣል፣ ሰውም ወለሉ ነው ያፈሰሰው ብሎ ወለሉን ያስጠግናል። እንጨቱ ግን መሃል ላይ ሆኖ ይበሰብሳል፣ ከውጭ ላሜራው እንደተወለወለ ነው፣ ምንም አይታይም። ካራቫን ያላችሁ ወይም ልትገዙ ያሰባችሁ ሰዎች በአውራ ጣታችሁ ከመስኮቱ ስር ያለውን ኮምፔርሳቶ ከግራ ወደ ቀኝ ጫን ጫን እያላችሁ ሂዱበት፣ አንድ ቦታ ላይ ከለሰለሰ ወይ ወደ ውስጥ ከገባ ውሃ ከርሞበታል ማለት ነው። ሽታውም ያሳብቃል፣ በተለይ ጠዋት በሩ እንደተከፈተ።

አሁን ወደ ፀሐዩ። አዲስ አበባ ከባህር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነች፣ ሱሉልታ ደግሞ እንጦጦን ተሻግረን ያለች ስለሆነች ከመሃል ከተማው ከፍ ትላለች። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አልትራቫዮሌት ጨረሩ በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፣ ማለትም እኛ ጋ ያለ ጎማ ባህር ዳርቻ ካለው ጎማ ከአምስት እጅ አንድ እጅ በላይ ተጨማሪ ጨረር ይጠጣል፣ ያውም ከምድር ወገብ ቅርብ ሆነን ፀሐይዋ አናታችን ላይ እየቆመች። ብርዱ ነው ሚያታልለን። ጃኬት ለብሰን ስንውል ፀሐይ ያለ አይመስለንም፣ ጎማው ግን ጃኬት የለውም።

ጨረሩ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር፣ አየር ውስጥ ያለው ኦዞን ሚባለው ጋዝም አለ። ኦዞን ዝም ብሎ የተቀመጠ ጎማ ላይ ብዙም አይታይም፣ የተወጠረ ጎማ ሲያገኝ ግን ይሰነጥቀዋል፣ ስንጥቁም ጎማው ወደተወጠረበት አቅጣጫ ሳይሆን አግድም ነው ሚሄደው። ለዚህ ነው አሮጌ ጎማ ሁሌ ጥጉ ጋ ቀድሞ ሚሞተው፣ ጥግ ላይ ስለታጠፈ የውጭው ገፅ ተወጥሯል። ቀጥታው ጋ ስታዩት ደህና ይመስላል፣ ጥጉን በጣት ገለጥ ስታደርጉት እንደተሰነጠቀ ተረከዝ ሆኖ ታገኙታላችሁ። የኛም እንደዛ ነበር፣ አራቱም ጥግ፣ ፀሐይ መግቢያ በኩል ያለው መስኮት ደግሞ ከሁሉም የባሰ።

መስኮቱ ዙሪያ ግድግዳው ላይ በብሎን የታሰረ የአሉሚኒየም ሀዲድ አለ፣ እሱ ውስጥ ገብቶ ብሎኖቹን ሚሸፍነው ቀጭኑ ጥብጣብ ደግሞ ጎማ አይደለም፣ ፒቪሲ ነው ፕላስቲክ። እሱን ሚያለሰልሰው ውስጡ የተጨመረ ዘይት ነገር በጊዜ ብዛት ይወጣና ይደርቃል፣ ያጥራል፣ ከጥጉ ይሸሻል። የሸሸበት ቦታ ብሎኑ ራቁቱን ይቀራል፣ ውሃው በብሎኑ ተከትሎ እንጨቱ ውስጥ ይገባል። ሰው መስኮቱን ሲያይ ይሄን ጥብጣብ ጌጥ ይመስለዋል፣ ጌጥ ግን አይደለም።

ጎረቤት ሁሉ የነገረን መፍትሄ አንድ ነው፣ ሲሊኮን ለቅልቁበት። እኔ እዚህ ላይ በጣም ነው ምከራከረው። ምክንያቱም የካራቫኑ መስኮት መስታወት አይደለም፣ አክሪሊክ ነው፣ ፕሌክሲግላስ ሚባለው። አክሪሊክ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ከመስታወት ስምንት እጥፍ ገደማ ይለጠጣል ይሰበሰባል፣ አንድ ሜትር ስፋት ያለው መስኮት ሙቀቱ በ30 ዲግሪ ቢቀያየር ሁለት ሚሊ ሜትር ይንቀሳቀሳል። ታህሳስ ላይ ሱሉልታ ያደረ ሰው ያውቀዋል፣ ሌሊቱ ውርጭ ነው፣ ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ደግሞ መስኮቱን በእጅ ስትነኩት ይፋጃል። ይሄን ሁሉ እንቅስቃሴ ሚችለው ልል ብሎ የያዘ ጎማ ነው፣ በተለይ ያ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ሚሸተው ርካሹ ሲሊኮን አክሪሊክም ላይ የድሮ ጎማም ላይ በደንብ አይያዝም፣ አንድ ጎኑ ይለቅና በዛ ስንጥቅ ውሃ ይጠጣል፣ ከላይ ስለተለቀለቀ ደግሞ ውሃው ገብቶ አይወጣም። ኋላ ጎማ እንቀይር ስትሉ የሲሊኮኑ ቅሪት ላይ ምንም ነገር አይጣበቅም፣ ቀለምም ቢሆን። ሲሊኮን መጥፎ ነገር ነው አላልኩም፣ ለመታጠቢያ ቤት ሴራሚክ ጥሩ ነው፣ ቦታው ግን እዚህ አይደለም።

አስፋልቱ ዳር ያለ የሰፈራችን ባትላሜራ አለ፣ ጋሼ ነው ምንለው፣ የሚኒባስና የአይሱዙ መስታወት ሲገጥም የኖረ፣ እጁ ምስክር ነው። መጥቶ እንዲያየው ስለምነው አላንገራገረም፣ መስኮቱን ዞር ዞር ብሎ አየና «ልጄ፣ ይሄን ጎሚኒ አውጥተን ዙሪያውን በቲነር አጥበን በማስቲሽ እናያይዘዋለን» አለኝ። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ መስታወት አይደለም፣ ቲነር ይበላዋል» ስለው አላመነኝም፣ እውነቱን ነው፣ ከሩቅ ሲያዩት መስታወት ነው። ከድሮ የተሰበረ የመስኮት ቁራጭ ነበረን፣ እሱ ላይ ትንሽ ቲነር በጨርቅ ነካ አድርጌ አሳየሁት፣ ወዲያው ነጣ፣ ጭጋግ ለበሰ፣ በጥፍር ሲነካው ማጣበቅ ጀመረ። «እንዴ!» አለ፣ ቁራጩን ወደ ፀሐይ አንስቶ ብዙ አየው። «እሺ አንቺ ስለ ፕላስቲኩ ንገሪኝ፣ እኔ ስለ አገጣጠሙ ልንገርሽ።» ከዛ በኋላ የነበረው ስራ በጣም ደስ ሚል ነበር፣ ማንም ማንንም ሳይንቅ።

እናም ለአክሪሊክ ቲነር፣ ቤንዚን፣ ነጭ ጋዝ፣ አልኮል፣ አንዳቸውንም አታስነኩ፣ ፈሳሽ ሳሙና በለብ ያለ ውሃ ብቻ። የደረቀ ጨርቅም አቧራ ይዞ ይቧጭረዋል፣ መጀመሪያ ውሃ ማፍሰስ ነው።

ጎማውን ለመግዛት መርካቶ ሶማሌ ተራ ነው የሄድነው። የካራቫን ጎማ አለ ብላችሁ ብትጠይቁ ሚያውቅላችሁ አታገኙም፣ እንደዛ ብላችሁ አትጠይቁ። ሚያስፈልገው ቅርፁ ነው። አሮጌውን ጎማ ሙሉውን ይዞ ከመዞር ከተጨፈለቀበት ሳይሆን ደህና ከቆየበት ቦታ፣ ብዙ ጊዜ ከታች በኩል መሃሉ ጋ፣ ጣት ሚያክል ቁራጭ በአዲስ ከተር ቀጥ አድርጋችሁ ቁረጡ፣ ፊቱን ወረቀት ላይ አስቀምጣችሁ ዙሪያውን በእስክሪብቶ ሳሉት። ሦስት ቁጥር ፃፉበት፣ ሚይዘው ግድግዳ ውፍረት፣ ሚይዘው አክሪሊክ ውፍረት፣ እና ውሃ ሚዘጋው ድቡልቡሉ ክፍል ስፋት። ይሄን ይዛችሁ የአውቶቡስ ቦዲ ለሚሰሩ ሰዎች ጎማ ሚሸጡትን ሱቆች ጠይቁ፣ እነሱ ጋ በሜትር የተጠቀለለ ብዙ ዓይነት አለ፣ እኛም ሚሆነንን ያገኘነው እንደዛ ነው። የድቡልቡሉ ስፋት በአንድ ሚሊ ሜትር ቢበልጥ መስኮቱ አልዘጋም ይላል፣ በአንድ ሚሊ ሜትር ቢያንስ ደግሞ ተዘጋ ይላል ግን አልነካም፣ ስለዚህ ይሆናል ይሆናል ብሎ ባለሱቁ ቢገፋፋችሁም ናሙናችሁን ከአዲሱ ጎን አስቀምጣችሁ እዩ።

ዓይነቱን በተመለከተ ኢፒዲኤም ሚባለውን ካገኛችሁ ሌላ አትፈልጉ። እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ ገበያ ላይ ያለ ጎማ ነው፣ ኦዞንንና ፀሐይን ከተራው ጎማ በጣም በተሻለ ይችላል፣ ጠላቱ ዘይትና ግሪስ ነው። ባለሱቁ ስሙን ላያውቀው ይችላል፣ ግን የመኪና በር ጎማ ብዙ ጊዜ ከሱ ነው ሚሰራው።

ርዝመቱን አሮጌው ጎማ ላይ እንዳትለኩ፣ እሱ አጥሯል። የመስኮቱን ቀዳዳ ዙሪያ በሜትር ለኩና በየሜትሩ አንድ ሳንቲ ገደማ ጨምሩ፣ ሲገዙ ደግሞ ከዛም ተረፍ አድርጎ ነው።

ማውጣቱ ቀላል ነው፣ አስቸጋሪው ማፅዳቱ ነው። ብረት ካቻቢቴ ላሜራውን ስለሚቧጭረው ከጠንካራ ፕላስቲክ ስፓቱላ ሰርተን ነው የተጠቀምነው፣ የድሮው ማሸጊያ ማስቲክ ከሀዲዱ ስር ደርቆ ድንጋይ ሆኖ ነበር፣ ቀስ እየተባለ ተፈቀፈቀ። አንዱ መስኮት ስር ያለው እንጨት በጣት ሚፈርስ ሆኖ ስለተገኘ አናፂ ጠርተን ያንን ቁራጭ በአዲስ ተካንው፣ ብሎኖቹም ዝገው ስለነበር በማይዝግ ቀየርናቸው። ከዛ ማድረቅ። ቀን ቀን ክፍቱን ለፀሐይና ለሱሉልታ ነፋስ ሰጥተን ማታ ማታ ሸራ እናለብሰዋለን፣ እንጨቱ እስኪነጣ ድረስ አልቸኮልንም። እዚህ ላይ ሚቸኩል ሰው ነው ሁለተኛ ዙር ሚሰራው። ላይኛው ሀዲድ ውስጥ ደግሞ የባህር ዛፍ ቅጠል ተጠቅጥቆ ውሃ መውረጃውን ዘግቶት ነበር፣ ዛፍ ስር የቆመ ካራቫን ያላችሁ ይሄን ሳትረሱ።

በሀዲዱና በላሜራው መሃል ሚገባው ቡቲል ቴፕ ነው፣ እንደ ማስቲካ ሚለጠጥ ጥቁር ወይ ግራጫ ጥቅል፣ አይደርቅም፣ ለዓመታት ልል እንዳለ ይቆያል፣ ከሚንቀሳቀስ ነገር ጋር አብሮ ይንቀሳቀሳል። እኛ ከውጭ ለሚመጣ ዘመድ ልከን ነው ያስመጣነው። ብሎኑን በአንዴ አጥብቆ ማሰር አያስፈልግም፣ ዙሪያውን ጠበቅ አድርጎ ትቶ፣ ትርፉ ቡቲል በጎን ሲወጣ በማግስቱ እንደገና ጠበቅ ማድረግ ነው፣ የወጣውን በፕላስቲክ መቁረጥ።

ሚከፈቱት መስኮቶች ላይ ጎማው ሚገባው የግድግዳው ቀዳዳ ጠርዝ ላይ ነው። መጀመሪያ ጎማውን ፀሐይ ላይ ዘርግተን አሞቅነው፣ የሞቀ ጎማ ታዛዥ ነው። መጋጠሚያውን ጥግ ላይ በጭራሽ አታድርጉት፣ ከላይም ከሆነ ከጣሪያ ሚወርደውን ውሃ ቀጥታ ስለሚቀበል እኛ ታች መሃል ላይ አደረግነው። ትልቁ ሚስጥር ግን አለመሳብ ነው። ሰው ጎማ ሲገጥም ይስበዋል፣ ሲስበው ያምርለታል፣ ቀጥ ይላል፣ የተሳበ ጎማ ግን ከወራት በኋላ ወደ ቦታው ይመለሳል፣ መጋጠሚያው ይከፈታል፣ ያ የተወጠረ ጥግም ለኦዞን ተዘጋጅቶ ተቀመጠ ማለት ነው። ስለዚህ ወደ ጥጉ ሲደረስ ጎማውን በሁለት እጅ ወደ ውስጥ እየገፉ ትንሽ ተረፍ አድርጎ ማስገባት ነው፣ እህቴ እጅጌ ስትገጥም ጨርቁን ሰብሰብ እያደረገች እንደምታስገባው። እሷም እጇ ለምዶት ስለነበር ከጋሼ ቀድማ ጨረሰች፣ ጋሼም «ይቺን ልጅ ጋራዥ እወስዳታለሁ» እያለ ሲስቅ ነበር። ጫፎቹ ሲገናኙ ትርፉን በአንዴ ሳይሆን ቆንጥር ቆንጥር እያደረጉ መቁረጥ፣ ተገፋፍተው እንዲቀመጡ፣ ከዛ በትንሽዬ ሱፐር ግሉ ማያያዝ፣ መስኮቱን ከፍ አድርጎ ከፍቶ፣ ምክንያቱም የሱፐር ግሉ ጭስ አክሪሊኩን ያነጣዋል።

የፊቱ መስኮት ሚከፈት አይደለም፣ ሁለት ጎድጓድ ባለው ጎማ ነው ሚያዘው፣ በአንዱ ጎድጓድ አክሪሊኩ በሌላው የግድግዳው ጠርዝ። ይሄ የጋሼ ስራ ነው። ጎማውን መጀመሪያ አክሪሊኩ ዙሪያ አለበሰው፣ ከዛ ግድግዳውን ሚይዘው ጎድጓድ ውስጥ ዙሪያውን ሲባጎ አስገባ፣ ሁለቱ ጫፎች ታች መሃል ላይ ተላልፈው ወደ ውስጥ ተንጠለጠሉ። ጎማውን በላርጎ ውሃ አረጠብነው። አንድ ሰው ከውጭ በመዳፉ እየገፋ አንድ ሰው ከውስጥ ሲባጎውን ቀስ እያለ ይስባል፣ ሲባጎው ሲወጣ የጎማውን ከንፈር እያነሳ ጠርዙን ያሻግረዋል። እኔ ውስጥ ነበርኩ። «አትቸኩዪ፣ ሲባጎው ይምራሽ» ይለኛል ከውጭ፣ ጥግ ላይ ስደርስ ከብዶኝ ስቆም እሱ ዞሮ እዛ ጥግ ላይ መዳፉን ያሳርፋል፣ ሸርተት ብሎ ይገባል። መስታወት ቢሆን በቡጢ መታ መታ ይደረጋል፣ አክሪሊክ ግን ጥጉ ላይ ስንጥቅ ስለሚጀምር በዝርግ መዳፍ ብቻ። በመጨረሻ ጎማውን ሚያጠብቀው ቀጭን ጎማ መሃሉ ላይ ይገባል፣ ለሱ ሚሆን መሳሪያ ስለሌለ ጋሼ ወፍራም ሽቦ ቀለበት አድርጎ ጠምዝዞ፣ ስለቱን በሞረድ አለስልሶ እጀታ አስገባለት፣ ቀጭኑ ጎማ በቀለበቱ እያለፈ ራሱ ቦታው ይገባል።

ከተገጠመ በኋላ ዝናብ አትጠብቁ። የወረቀት ቁራጭ መስኮቱ ላይ አድርጋችሁ ዝጉትና ሳቡት፣ ዙሪያውን በየቦታው፣ ያለ ምንም መያዝ ከወጣ እዛ ጋ ጎማው አልነካም፣ መቀርቀሪያውን ማስተካከል ነው። ከዛ ውሃ። እኛ ጋ ውሃ በፈረቃ ስለሆነ የውሃ ጎማ አንጠልጥሎ መልቀቅ አይቻልም፣ በጀሪካን አድርገን በጆግ ነው ያፈሰስነው፣ ከታች ጀምሮ ወደ ላይ፣ እህቴ ውስጥ ባትሪ ይዛ። ከላይ ከጀመራችሁ ውሃው ሁሉን ስለሚያረጥበው የገባበትን አታውቁትም። ከታች ስትጀምሩ ግን እያንዳንዱን መስመር አልፋችሁ ትሄዳላችሁ፣ ውሃው ወደ ውስጥ መግባት የጀመረበት መስመር ጋ ችግሩ አለ። አዲስ አበባ በዓመት ከሚያገኘው 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ግማሽ አካባቢው ሐምሌና ነሐሴ ላይ ነው ሚወርደው፣ ከዛ በፊት በጆግ ማወቅ ይሻላል።

እንክብካቤው ርካሽ ነው። ቫዝሊንና ግሪስ አትቀቡት፣ ኢፒዲኤምን ያሳብጡታል፣ ተራውን ጎማም ያበላሹታል። ግሊሰሪን ግን ከየትኛውም ሱቅና ፋርማሲ ይገኛል፣ ለፊት ምንቀባው ያው ግሊሰሪን፣ በውሃ ቀጠን አድርጎ በጨርቅ ጎማውን ማበስ ነው፣ ከአክሪሊኩ ጋር እንዳይጣበቅም ይረዳል። እኛ መስከረም ላይ ዝናቡ ሲያበቃ አንዴ፣ ጥር ላይ አንዴ፣ ግንቦት ላይ አንዴ ለማድረግ ተስማምተናል፣ ፀሐይ መግቢያ በኩል ላለው መስኮት ደግሞ እህቴ ከተረፈ አቡጀዲ ከውጭ ሚንጠለጠል ሽፋን ሰፍታለታለች፣ በበጋ ከሰዓት ከሰዓት እናወርደዋለን። የቀረን የጣሪያው መስኮት ነው፣ የሱ ጎማ ቅርፅ ከሌሎቹ ስለሚለይ ናሙናውን ቆርጬ ወረቀት ላይ ስዬዋለሁ፣ ቅዳሜ ሶማሌ ተራ ስወርድ ይዤው እሄዳለሁ።